የልጅነት ልምሻ ዱካ

በአቃቂ ቃሊቲ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጅነት ልምሻ ነው። በሽታውን የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ትናንት በደጅ ሲሮጥ የዋለ ሕፃን ማታ ያተኩሰዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዝለፈለፋል። ትኩሳቱ ይተወዋል፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም። ልጁ ሲያድግ እግሩ አብሮት አያድግም፤ ቀጥኖና አጥሮ ይቀራል። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ በዱላ እየተደገፉ የሚሄዱትን ሁላችንም አይተናል።

የበሽታውን ክፋት ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በዚያ ላይ ብዙ አንቆይም። ልንነግራችሁ የፈለግነው ሌላ ነው። ይህ በዓይን የማይታይ ነገር ከየት አገር ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ ወዴት እንደደረሰ እንዴት ይታወቃል? በሬ ቢጠፋ ኮቴውን ተከትለን እንፈልገዋለን። ጅብ በሌሊት ቢመጣ ዱካው ጧት በጭቃው ላይ ይታያል። በዓይን የማይታየውስ ዱካ አለው ወይ? አለው። ዱካው ደግሞ በፊደል የተጻፈ ነው። ፊደል ለቆጠረ ሰው ነገሩን መረዳት አይከብድም።

ልምሻን የሚያመጣው ተሐዋሲ ቫይረስ ይባላል። ቫይረስ እጅግ ረቂቅ ነው፤ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም። ብቻውን አይበላም፤ ብቻውንም አይራባም። ወደ ሰው ሕዋስ ይገባና ሕዋሱን እንደ ድሮ ጭሰኛ ለራሱ እያሠራ ይባዛል።

የልምሻ ቫይረስ ብዙ ዘመዶች አሉት። ሳይንቲስቶች መላውን ዘር ኢንቴሮቫይረስ ይሉታል፤ የአንጀት ቫይረስ እንደ ማለት ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ስለሚባዙና ከዓይነ ምድር ጋር ስለሚወጡ ነው እንዲህ የተባሉት። ሰውን የሚይዙት ከ100 በላይ ዓይነት ናቸው። አብዛኞቹ በልጆች ላይ የሚያመጡት ነገር ቀላል ነው፤ ትኩሳት፣ ጉንፋን የሚመስል ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ በእጅና በእግር ላይ የሚወጣ ሽፍታ። እናት ሦስት ቀን ታቅፋው ትሰነብታለች፤ ከዚያ ይድናል። አንዳንዶቹ ግን የአንጎልን ሽፋን ያሳብጣሉ፤ ልብን የሚጎዱም አሉ። ከሁሉ የከፋ ስም ያተረፉት ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። እነሱም አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓይነት የልምሻ ቫይረስ ይባላሉ።

የብዙዎቹ ዋና መንገድ አንድ ነው፤ ከአንዱ ልጅ አንጀት ወጥቶ ወደ ሌላው ልጅ አፍ መግባት። በእጅ ይሄዳል፤ በውሃ ይሄዳል፤ በምግብም ይሄዳል።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልን። የልምሻ ቫይረስ ከያዛቸው 200 ልጆች መካከል ሽባ ሆኖ የሚቀረው 1 ልጅ ያህል ነው። የቀሩት ምንም አይሰማቸውም፤ ወይም ትንሽ አተኩሷቸው ያልፋል። ነገር ግን ቫይረሱ በአንጀታቸው ውስጥ አለ፤ ለሳምንታትም ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣል። ይጫወታሉ፤ ይሮጣሉ፤ ያስተላልፋሉ። ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን ደግሞ ሽባ የሚሆነው ከ2,000 አንዱ ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ መንደር የአንድ ልጅ እግር ቢዝል እሳቱ በአንድ ቤት ጣራ ላይ ታየ እንጂ፣ ከሥር ሲጤስ የከረመው በመቶ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት፣ «ለአንድ ልጅ ብለው ነው ይህን ሁሉ መኪና የሚያመላልሱት?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሱ ይኸው ነው። የሚፈለገው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ከልጁ ጀርባ ያሉት 199ኙም ናቸው።

ታዲያ ፍለጋው እንዴት ይጀመራል? ሕጉ እንዲህ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ልምሻ ነው አይደለም ሳይባል ይመዘገባል፤ ይመረመራልም። ልምሻ ያልሆነው ለምን ይመዘገባል ትሉ ይሆናል። እግርን በድንገት የሚያዝል ሌላም ብዙ ነገር አለ። ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ነርቭ ይጎዳል። ጊላን ባሬ የሚባል የነርቭ በሽታ አለ። ሌሎቹ የአንጀት ቫይረሶችም አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ያደርጋሉ። ከነዚህ መካከል ልምሻው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይቶ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል።

በዚህ ላይ የጤና ሠራተኞች አንድ ብልህ ስሌት አላቸው። ከ15 ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ልጆች መካከል፣ በልምሻ ሳይሆን በሌላ ምክንያት እግራቸው የዛለ ቢያንስ 2 ልጆች በየዓመቱ መገኘት አለባቸው ይላሉ። ሰፊ ከሆነ አካባቢ «እኛ ዘንድ አንድም የለም» የሚል ሪፖርት ቢመጣ፣ አካባቢው ጤነኛ ነው አይባልም። ደህና አልተፈለገም ነው የሚባለው። ይህ ስሌት እኛን በጣም ደስ ይለናል። ባዶ ወረቀት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ልጁ ከተገኘ በኋላ ዓይነ ምድሩ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። መጠኑ ሁለት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ሁለቱም እግሩ ከዛለበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለባቸው። 14 ቀን የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ቫይረሱ በብዛት የሚወጣው በነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በወሩ የመጣ ናሙና ዱካውን ዝናብ እንዳጠበው ጭቃ ነው።

ናሙናው በበረዶ ሣጥን ተደርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል፤ የልምሻ ላቦራቶሪው እዚያ ነው። ከአቃቂ ቅርብ ነው። ከዋርዴር ወይም ከቦረና ለሚመጣው ግን በረዶው ሳይቀልጥ ማድረስ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

በላቦራቶሪው ውስጥ በጠርሙስ የሚያድጉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኛው ከሰው የተገኘ ሲሆን ብዙዎቹ የአንጀት ቫይረሶች ይባዙበታል። ሁለተኛው የአይጥ ሕዋስ ነው። የልምሻ ቫይረስ ወደ አይጥ ሕዋስ በተፈጥሮው አይገባም፤ ቁልፉ ለዚያ በር አልተሠራም። ሳይንቲስቶች ታዲያ የሰውን በር በአይጡ ሕዋስ ላይ ተከሉበት። አሁን ልምሻው ይገባል፤ ሌሎቹ ዘመዶቹ በብዛት ከደጅ ይቀራሉ። በአይጡ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን የገደለ ቫይረስ ልምሻ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በሰው ሕዋስ ብቻ የተባዛው ደግሞ ከዘመዶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን ዘዴ ያሰበ ሰው ወጥመድ ማጥመድ የሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። እናንተ የቆጠራችሁት ፊደል 33 ነው፤ እያንዳንዱ 7 ቤት ስላለው 231 ይሆናል። የልምሻ ቫይረስ የዘር መልእክት ግን የተጻፈው በ4 ፊደል ብቻ ነው። እነዚያ 4 ፊደላት እየተደጋገሙ፣ ቦታ እየተለዋወጡ፣ ጠቅላላው ጽሑፍ 7,500 ፊደል ያህል ይሆናል። ከዚህ ከያዛችሁት ንግግር ያንሳል ማለት ነው። ያን በሚያህል አጭር ጽሑፍ የስንቱ ልጅ እግር ቀረ!

ድሮ ማተሚያ ሳይኖር መጻሕፍት በብራና ላይ በእጅ ይገለበጡ እንደነበር ታውቃላችሁ። ጸሐፊው ሲደክመው አንድ ፊደል ይስታል። ሁለተኛው ጸሐፊ ከዚያ ላይ ሲገለብጥ የፊተኛውን ስሕተት እንዳለ ይወስድና የራሱን አንድ ይጨምርበታል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከብዙ ዘመን በኋላ መጻሕፍቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው፣ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ከስሕተቱ ያውቃል። በአንድ ደብር የተሳተው ፊደል በሌላው ደብር መጽሐፍ ላይ ያው ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለቱ መጻሕፍት የሚዛመዱ ናቸው።

ቫይረሱም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ልጅ አንጀት ውስጥ ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም ይዞ ወደሚቀጥለው ልጅ ይሄዳል። ላቦራቶሪዎች ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ጽሑፍ አያነቡም። 900 ፊደል ገደማ ያለውን አንድ ምዕራፍ መርጠው ያነባሉ፤ ምዕራፉ የቫይረሱን የውጭ ልብስ የሚሠራው ነው። የትኛው ዓይነት የአንጀት ቫይረስ እንደሆነ የሚለየው ከዚህ ምዕራፍ ነው። የሁለት ቫይረሶች ምዕራፍ ጎን ለጎን ተደርጎ ከ100 ፊደል 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ ከገጠመ፣ በአንድ ዓይነት ይመደባሉ።

በልምሻ ቫይረስ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ በዓመት ከ100 ፊደል 1 ያህል ይለወጣል፤ ከ900ው 9 ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይናገራል። አንድ ቫይረስ ከወላጁ በ18 ፊደል ተለይቶ ቢገኝ፣ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ከርሟል ማለት ነው።

ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ የሆነውን እንንገራችሁ። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በ1980 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ልምሻን ከምድር ለማጥፋት ሲስማሙ፣ በሽታው በ125 አገሮች ውስጥ ነበረ፤ በዓመትም 350,000 ያህል ልጆችን ሽባ ያደርግ እንደነበር ይገመታል። ክትባቱ ሲስፋፋ ቁጥሩ ወረደ። በአገራችንም ከ1993 ዓ.ም. በኋላ ልምሻ ሳይታይ አራት ዓመት ገደማ አለፈ። በ1997 ዓ.ም. ግን በትግራይ አንዲት ሕፃን ሽባ ሆና ተገኘች። ከየት መጣ? ፊደሉ ተነበበ፤ የቅርብ ዘመዱ ሱዳን ውስጥ ነበረ። የሱዳኑ ደግሞ ከናይጄሪያ በኩል የመጣ ነበር። በዚያ ዘመን በሰሜን ናይጄሪያ በወሬ ምክንያት ክትባቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ካኖ ላይ የተወራ ወሬ አፍሪካን አቋርጦ የትግራይን ልጅ እግር ያዘ።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ መቋዲሾ ተነሣ። የእሱም ፊደል ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያው ዘር ሆኖ ተገኘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ኬንያ ገባ፤ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ወደ እኛ ሶማሌ ክልል ተሻገረ። በሶማሊያ 199፣ በኬንያ 14፣ በእኛ 10 ልጆች ሽባ ሆኑ። የመጨረሻዋ ወይም የመጨረሻው የኢትዮጵያ ልጅ የታመመው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የዱሩ የልምሻ ቫይረስ፣ ማለት በተፈጥሮ የነበረው፣ በአገራችን አልታየም። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. መላው አፍሪካ ከዱሩ ልምሻ ነፃ ነው ተብሎ ታወጀ።

ታዲያ አበቃ? አላበቃም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ እግሯ ዛለ። ፊደሉ ሲነበብ ዘመዱ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም፤ ፓኪስታን ውስጥ፣ ሲንድ በምትባል ክፍለ ሀገር ነበረ። ከዚያ ዘመዱ ጋር የነበረው የፊደል ልዩነት ደግሞ ቫይረሱ ሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ መዞሩን ተናገረ። ፓኪስታንና ማላዊን በካርታ ላይ ብታዩአቸው መካከላቸው ባሕር አለ። ለቫይረስ ግን ኬላ የለበትም፤ ፓስፖርት የሚጠይቀውም የለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደርሰናል። «ልምሻን የሚያመጣው ራሱ ጠብታው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ስንሰማ «ውሸት ነው» ብለን ብናልፍ ይቀለን ነበር። ግን ትልልቅ ሰዎችን እንደ ሕፃን መሸንገል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

በአፍ የሚሰጠው ጠብታ በውስጡ ሕያው ሆኖ የተዳከመ የልምሻ ቫይረስ አለው። በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ይባዛል፤ አካሉንም መከላከል ያስተምረዋል፤ ከዚያ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ልጆች አልፎ አልፎ አንዱን ራሱን ሊጎዳው ይችላል፤ ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ሌላው ግን ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በመንደሩ ያሉት ልጆች ሁሉ ከተከተቡ፣ የወጣው ደካማ ቫይረስ ማረፊያ አጥቶ ይሞታል። ብዙዎቹ ካልተከተቡ ግን ካልተከተበው ወደ ካልተከተበው እየተሸጋገረ ወራትና ዓመታት ይዞራል። እየተገለበጠ ይሳሳታል፤ ከስሕተቱም ብዛት ያጣውን ጉልበት መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ እንደ ዱሩ ልምሻ ሽባ ያደርጋል።

ይህንንም የሚለየው የፊደል ንባብ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ በጠብታው ካለው ጽሑፍ በዚያች ምዕራፍ 6 ፊደል ወይም ከዚያ በላይ የተለየው፣ ከክትባት የተወለደና ሲዞር የቆየ ሊሆን ይችላል ተብሎ ክትትል ይደረግበታል። የዱሩ ሁለተኛ ዓይነት ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ላይ አልታየም። ስለዚህ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ሁለተኛው ዓይነት ከመደበኛው ጠብታ ውስጥ ወጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ በየቦታው ሲዞር የቆየው ዘሩ አልጠፋም፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ለዚህ ዓይነት በአንጀታቸው መከላከያ አልነበራቸውም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በዶሎ ዞን በቦህ ወረዳ አንድ ልጅ በዚህ ዓይነት ሽባ ሆኖ ተገኘ። ፊደሉ በሶማሊያ ሲዞር ከነበረው ጋር ገጠመ። ከዚያ በኋላ በሌሎች የአገራችን ክፍሎችም ታይቷል።

ሳይንቲስቶችም ዝም አላሉም። ለሁለተኛው ዓይነት አዲስ ጠብታ ሠሩ፤ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ በቀላሉ እንዳይመለስ ፊደሉን አስተካክለው እንደ መቆለፍ ያለ ነገር አደረጉበት። ይህ ጠብታ በአገራችንም ዘመቻ ላይ ውሏል። በመርፌ የሚሰጠው ሌላው ክትባት ደግሞ የሞተ ቫይረስ ስለሆነ ሊዞር አይችልም። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ አደጋው የሚወለደው ግማሹ ልጅ ተከትቦ ግማሹ ሲቀር ነው። ግማሽ አጥር ከብት አያግድም። ሕፃኑ ሲወለድ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጠብታውን ይወስዳል፤ በ14ኛው ሳምንት መርፌውም አብሮ አለ። ዘመቻ ሲመጣም «ቀድሞ ወስዷል» ተብሎ መደበቅ የለበትም፤ መድገሙ አይጎዳውም።

ስለ ውሃችን ጥቂት እንጨምር። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ውሃ ይዘው ወደ ደቡብ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። አዲስ አበባ የታጠበበት፣ የደፋውና ያፈሰሰው ብዙው በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በቧንቧ የደረሰውን ያጣራል፤ ብዙ ቤት ግን ከቧንቧው ጋር አልተያያዘም። በዚህ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ ብዙ ይወቀሳል። ከተማው ቆሻሻውን ይልካል፤ ተመልሶ ጎመኑን ያማል! ገበሬው ወንዙን አላቆሸሸውም። የሆነው ሆኖ የአንጀት ቫይረስ በውሃ ውስጥ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከመስኖ የተመለሰ እጅ ልጅ ከማቀፉና ከማጉረሱ በፊት በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ማፍላት ቫይረሱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ለልጅ የሚሰጥ ጎመን ይቀቀል፤ የወንዝ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ።

ይኸው ቆሻሻ ውሃ ግን ለፍለጋው ይጠቅማል። የሺህ ቤት ልጆች ዓይነ ምድር በአንድ ቦይ ከወረደ፣ ከቦዩ አንድ ሊትር ያህል ቀድቶ መመርመር ሺህ ቤት እንደ ማንኳኳት ነው። የሚታመም ሳይኖር ቫይረሱ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. በለንደን አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን ሁለተኛው ዓይነት በፍሳሽ ውስጥ ተገኘ፤ ወዲያው የከተማዋ ልጆች ተጨማሪ ክትባት እንዲወስዱ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. በጋዛ በፍሳሽ ውስጥ መገኘቱ ከታወቀ በኋላ፣ በነሐሴ አንድ የ10 ወር ሕፃን ሽባ ሆኖ ተገኘ፤ ጋዛ ለ25 ዓመት ከልምሻ ነፃ ነበረች። አዲስ አበባን ጨምሮ በአገራችንም ፍሳሽን የመመርመር ሥራ አለ።

ቧንቧ በሌለበት መንደርስ? እዚያ የሚቀዳ ቦይ የለም። እዚያ ያለው የእናትና የጎረቤት ዓይን ብቻ ነው። ወጌሻው የወለቀ አጥንት ማስገባት ያውቃል፤ ይህ ግን የነርቭ እንጂ የአጥንት ነገር አይደለም። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ከልካይ የለም። ነገር ግን በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገራት። ያተኮሰው ልጅ እግሩ እየዛለ ሳለ ደግሞ መርፌ በየቦታው ማስወጋት ይቅር፤ በልምሻ ጊዜ በጡንቻ የሚወጋ መርፌ መዛሉን ሊያብሰው ይችላል።

አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠይቀውናል፤ «ልጄ እንደሆነ አይድንም። ብናገር ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?» ከባድ ጥያቄ ነው። ልምሻ ያጠፋውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ነገር ግን ከዛሉት ልጆች አብዛኞቹ በልምሻ አይደለም የሚዝሉት፤ ሊታከም የሚችል ሕመም ያለበት ልጅ በዚያው ምርመራ ሊገኝ ይችላል። ልምሻ ሆኖ ቢገኝም በጊዜ የተጀመረ የእግር ማሠራት ሕክምናና ድጋፍ እግሩ ተጣሞ እንዳይቀር ይረዳዋል። ታናሽ እኅቱና የጎረቤቱ ልጆች ደግሞ ገና በእግራቸው ናቸው።

የሚደረገውም ይህን ያህል ነው። ልጁ የታመመበትንና እግሩ የዛለበትን ቀን በእጃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ አሁን መጻፍ ትችላላችሁ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ቀኑን ነው። የተከተበበትን ካርድ አብራችሁ ያዙ። ዓይነ ምድሩን ሁለት ቀን በንጹሕ ዕቃ የሚወስዱት የጤና ሠራተኞቹ ናቸው። እግሩ ከዛለ በ60ኛው ቀን ግድም አንዳንዶቹን ልጆች ለማየት ተመልሰው ይመጣሉ። ልጁን ያቆሙታል፤ «እስቲ ተራመድ» ይሉታል፤ እግሩ እንደዛለ መሆኑን ወይም መበርታቱን አይተው ይጽፋሉ። ያን ቀን ልጁን ወደ ዘመድ እንዳትልኩት።